ባባ የሞቱበት ክፍል

ትርሐስ፣
ከሂሊ ገበያ እስክትመለሺ አምቡላንሱ አይጠብቀኝም።

አሠሪያችን ባባ የሞቱበትን ክፍል እንዳትከፍቺ። ማዳም "አንሶላውን ብቻ አንሺ" ብትልሽ እንቢ በያት። መከላከያ ለብሰው የሚያጸዱት ባለሙያዎች ነገ ይመጣሉ፤ ደም የነካውን ሁሉ አሽገው የሚወስዱት እነሱ ናቸው።

እኔ ባለፈው ሰኞ ገብቻለሁ።
ተራው ያንቺ ነበር፤ ራሴን አመመኝ ብለሽ ተኛሽ።

ኮሮናው ሲያስላቸው የተፉትን ደም ያለ ጓንት ጠረግሁት። "የት ዋልሽ?" ስትዪኝ "አትክልት ሳጠጣ" አልኩሽ። ከዚያ በአንድ ሳህን በላን።

ከትናንት ጀምሮ ያተኩሰኛል። ትራሴንና ፎጣዬን አትንኪ። ዛሬውኑ ሄደሽ ተመርመሪ፤ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ኢቃማሽ፣ መሳቢያው ውስጥ ነው።

ጠዋት የማዳምን ሕፃን አቅፈሽ ስታስዪ ሰማሁሽ።
ያኔም ዝም አልኩ።

ብርነሽ