እህቴ የወደደችው ውሃ

ዲላ፣ ማክሰኞ የካቲት 3 ቀን 2018

ለዕረፍት ከስዊድን የመጣችው እህቴ ቧንቧችንን አታምንም። ልጆቿ ጥርሳቸውን እንኳ የሚቦርሹት በታሸገ ውሃ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ባዶ ፕላስቲክ መጣል አይሆንላትም፤ አጥባ ከቧንቧ ትሞላና ፍሪጅ ውስጥ ትደረድራለች።

ዛሬ ምሳ ላይ እህቴ ከአንዱ ቀድታ ልጆቿን አጠጣች፤ ራሷም ጨለጠችው። ሽሮዬን ትቼ ባለቤቴን አየኋት።

«ይሄኛው እንዴት ይጣፍጣል! ከየት ነው የምትገዙት?»

ባለቤቴ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «እዚሁ ሰፈር» አለቻት።

ልጆቹ እስካሁን ኳስ ይጫወታሉ፤ እኔ ግን በየደቂቃው በመስኮት አያቸዋለሁ። ነገ ይርጋጨፌ ስንሄድ «ከዚያው ውሃ ያዙልኝ» ብላለች። የቧንቧውን ውሃ ለማፍላት በድብቅ ትልቁን ድስት ጣድኩ። እህቴ መጥታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ሾርባ» አልኳት።

ደስ አላት፤ ለልጆቹም ይድረሳቸው አለች። ካሮት ልገዛ እየወጣሁ ነው።