የግንቡ መንግሥት የወደቀበት ሳምንት

ሰኞ

የሀዋሳን ፒያሳ ብቻዬን አጸዳሁት። ዛሬ ዱርዬ የሚባል በመብራት ቢፈለግ አይገኝም። እሺ፣ ፖሊሶችም ነበሩበት፣ መኪናም ይዘው ነው የመጡት። ነገሩን የጀመረው ግን የኔ አፍ ነው። ይሄን ማንም አይነጥቀኝም።

መምህርታችን የጎልማሶችን የማታ ትምህርት ስንጨርስ «እጃችሁ እንዳይደርቅ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፉ» ብላን ነበር። እኔ ትንሽ የሚባል አላውቅም። ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከወንዶቹ ማለቴ ነው። ወንዶቹም ብዙ አልነበርንም።

የሆነው እንዲህ ነው። እኔ የጫማ መደብሩ የቀን ዘበኛ ነኝ። ከመደብሩ ጎን ዝቅ ያለ ግንብ አለ። ከምሳ በኋላ ወጣቶች ይቀመጡበታል፣ ይቅማሉ፣ ገረባውን መንገድ ላይ ይበትናሉ፣ ሴት ስታልፍ ያፏጫሉ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከነሱ አንዱ፣ ፎቶ ቤት የምትሠራውን ማርታን ሻርፗን ከአንገቷ ላይ መንጭቆ ሮጠ። ልጅቷ እያለቀሰች ገባች።

ትናንት ለዚሁ ጉዳይ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። አዲሱ ሳጅን «ማኅበረሰቡ ካልተናገረ ፖሊስ ብቻውን ምን ያደርጋል?» አለ። አዳራሹ ጭጭ። እኔ ደግሞ ጭጭ ያለ አዳራሽ አልወድም። እጄን አወጣሁ።

«ሳጅን፣ እነዚህ እንደዋዛ የሚታዩ ልጆች አይደሉም፣ ግንቡ ላይ መንግሥት አቋቁመዋል» አልኩ። የፉጨት ሚኒስትር አላቸው፣ የገረባ ሚኒስትር አላቸው እያልኩ ቀጠልኩ። ሰው መሳቅ ጀመረ። ሰው ሲስቅልኝ ፍሬን የለኝም። ሳጅኑ ብቻ አልሳቀም፣ ይጽፋል። «ሊቀመንበራቸው ማነው?» አለኝ። «ታሪኩ» አልኩት። ከልጆቹ መሐል ታሪኩን የሾምኩት ከሁሉም ረጅም ስለሆነ ነው፣ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

ዛሬ መጥተው ታሪኩን ወሰዱት። ሌሎቹ እግሬ አውጪኝ አሉ። የመደብሩ ባለቤት «ጎበዝ፣ ቦጋለ» ብለው ሻይ አስመጡልኝ።

ማክሰኞ

ጥሩ ጥሩው፦ መንገዱ ንጹሕ ነው። ማርታ አንገቷን ሳትደፋ አለፈች። ሴቶች መስኮቱ ጋ ቆመው ጫማ አዩ፣ ድሮ እየሮጡ ነበር የሚያልፉት።

መጥፎው፦ ቀኑ አያልቅም።

ለካ እኔ ቀኑን ሙሉ የማወራው ከነሱ ጋር ነበር። «ጋሽ ቦጌ፣ ዛሬ ስንት ሌባ ያዝክ?» ይሉኛል። «ከምሳ በፊት አንድ ሌባ፣ ከምሳ በኋላ አንድ ጄኔራል» እላለሁ። ታሪኩ ሲስቅ ሆዱን ይዞ ከግንቡ ይወርዳል። እንደሱ የሚስቅልኝ ሰው አላየሁም።

ዛሬ ያንኑ ቀልድ ለአንድ የባጃጅ ሾፌር ነገርኩት። «ትሄዳለህ ወይስ አትሄድም?» አለኝ።

ማታ ቤቴ ገባሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ የግቢው ሰዎች ሁሉ ቸርች ናቸው፣ ጸሎት አላቸው። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ በሩን የሚከፍትልኝ ቁልፉ ብቻ ነው። ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ስለ ማዳበሪያ ያወራል። እስከመጨረሻው ሰማሁት። መሬት የለኝም።

ረቡዕ

ከግንቡ ልጆች አንዱ፣ ያ የፉጨት ሚኒስትር ያልኩት፣ በወዲያኛው አስፋልት ሲያልፍ አይቼ ጠራሁት። መጣ። ጋሽ ቦጌ የለም፣ ሰላምታም የለም።

«ምን ፈለግክ፣ ጆሮ ጠቢ?»

«ታሪኩ ተፈታ ወይ?» አልኩት።

«እንዴት ይፈታል? አደገኛ ቦዘኔ ብለውታል። የተደራጀ ቡድን መሪ ነው ተብሏል። ለሱ ደግሞ ዋስ የለም።»

«የምን ቡድን?»

«አንተ ያቋቋምከው ነዋ።»

ይሄን ብሎ ሄደ። ሳቅ ይመጣብኝ እንደሆነ ትንሽ ጠበቅሁ። አልመጣም። እኔ ስቀልድ ሁሉም ሰው ቀልድ መሆኑን የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር። ሳጅኑ ግን ለሀዋሳ አዲስ ነው። ቦጋለ ማን እንደሆነ ማን ነግሮት?

ማርታ ጋ ሄድኩ። ፎቶ እየቆረጠች ነበር። «ሻርፑን የነጠቀሽ ታሪኩ ነው?» አልኳት።

መቀሱን አስቀመጠች። «ታሪኩማ ከነጠቀኝ ልጅ ተቀብሎ በማግሥቱ ያመጣልኝ እሱ ነው። ያፏጫል፣ አዎ፣ ያስጠላኛል። ግን ሰው ይታሰርልኝ መች አልኩ፣ ጋሽ ቦጋለ? እኔ የፈለግኩት በመንገዴ መሄድ ነው።»

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን አልተናገርሽም?»

«እርስዎ መች ጨረሱና?»

ወደ መደብሬ በር ተመለስኩ።

ሐሙስ

ካፖርቴን ቦርሼ በምሳ ሰዓት ጣቢያ ሄድኩ። ሳጅኑ ወንበር ሰጠኝ። ልጅ ነው፣ ዓይኑ ደክሟል። ነገሩ ሁሉ ቀልድ እንደነበር ነገርኩት።

«አባቴ፣ እርስዎ ሊቀመንበር ብለው ሲናገሩ ስንት ሰው ሰምቷል። ሰውም አጨብጭቧል» አለኝ።

«ስቀው ነዋ ያጨበጨቡት።»

«እኔም ምን ያስቃቸዋል እያልኩ ነበር። ሰውየው ደፍሮ ተናገረ፣ እነሱ ይስቁበታል ብዬ አዝኜልዎት ነበር።»

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። አዝኖልኝ ነበር።

ከዚያ እንዲህ አለ፦ «በሰው ፊት የተናገሩትን ብቻዎን መጥተው ቢሽሩት እኔ ምን አደርጋለሁ? ነገ ስብሰባው ይቀጥላል። ለሰሙት ሰዎች እዚያው ይንገሯቸው። ቡድን ከሌለ ልጁ በዋስ ይወጣል።»

ቤቴ ገብቼ ግድግዳውን እያየሁ ተለማመድኩ። መሐል ላይ በደረስኩ ቁጥር አንድ ቀልድ ይገባብኛል። አውጥቼ ጥዬው እንደገና እጀምራለሁ፣ ሌላ ይገባል። እንደዚህ ዓይነት ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር። ማለት፣ አውቅ ነበር፣ ግን ጥሩ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ካልተናገርኩ ያ ልጅ እዚያው ይቀራል። ከተናገርኩ ደግሞ ፒያሳ ላይ ቦጋለ የሚባል ሰው ቃሉ አይታመንም። ሰዉ እኔን የሚያውቀኝ በወሬዬ ነው። ሌላ ምን አለኝ?

አርብ

ተናገርኩ።

ገና ስነሳ መሳቅ ጀመሩ። «ሊቀመንበሩን የሾምኩት እኔ ነኝ» አልኩ፣ ሳቁ ባሰ። «ቀልድ አይደለም» አልኩ፣ ጭራሽ ጠረጴዛ መቱ። ከኋላ አንዱ «አንተስ የምን ሚኒስትር ነህ?» አለኝ። ጥሩ መልስ አፌ ላይ ነበረኝ። ዋጥኩት። ሳቁ እስኪያልቅ ዝም ብዬ ቆምኩ። ብዙ ቆየ። በሕይወቴ ሰው ሳቁን እንዲያቆም ስጠብቅ የመጀመሪያዬ ነው።

«ልጆቹ ይረብሻሉ» አልኩ። «ያፏጫሉ፣ መንገድ ያቆሽሻሉ፣ ይሄ እውነት ነው። ቡድን ግን የላቸውም። ሚኒስትሮቹን የፈጠርኩት እናንተን ለማሳቅ ነው። ሻርፑንም የነጠቀው ታሪኩ አይደለም፣ ማርታን ጠይቋት።»

ማርታ ተነሳች። «ሻርፔን ያስመለሰልኝ እሱ ነው። ፉጨቱ ግን ይቁም። እሱም አብሮ ይጻፍልኝ» አለችና ተቀመጠች። በሁለት ቃል ነገሩን ጨረሰችው፣ እኔ ሳምንት የፈጀሁበትን።

አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ «ከእንግዲህ አንተ እሳት ተነሳ ብትል ማን ውሃ ያመጣል?» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ማዶ አዞሩ።

ጣቢያ ሄድኩ። ዋስ የሚሆነው መታወቂያ ያለው የከተማው ነዋሪ ነው፣ መታወቂያዬን ሰጠሁ። ተረኛው ፖሊስ ካፖርቴን አየና የአውራ ጣት ቀለሙን ገፋ አደረገልኝ። «እስክሪብቶ» አልኩት። ፈረምኩ። ቦጋለ ብዬ፣ ሙሉውን። ትንሽ ወደ ላይ ወጣ እንጂ ይነበባል።

ታሪኩን አመጡት። ከስቷል። ቀበቶውንና የጫማውን ክር መለሱለት። አይቶኝ «ጋሽ ቦጌ፣ አሁን ደግሞ የዋስ ሚኒስትር ሆንክ ማለት ነው» አለኝና ሳቀ።

ቅዳሜ

ግንቡ ከምሳ በኋላም ባዶ ነበር። ቆይተው ጥቂቶቹ መጡ፣ በወዲያኛው ጫፍ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። ማርታ ስታልፍ አላፏጩም። አንዱ እግሩን ሰብሰብ አደረገላት። ታሪኩ አልመጣም።

የመደብሩ ባለቤት ዛሬ «ጎበዝ» አላሉኝም። ሻይም የለም።

ማታ የሳምንቱን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ በጣቴ እየተከተልኩ። ሁሉም እንደሆነው ነው። የአርቡ መጨረሻ ብቻ እንደሆነው አይደለም። ታሪኩ ምንም አላለኝም። አልሳቀምም። ቀልዱ የኔ ነው፣ እሱ ቢለው ብዬ ነው የጻፍኩት። ቀበቶውን እያሰረ በአጠገቤ አልፎ ወጣ፣ እኔም ከኋላው እስከ በሩ ድረስ ሄድኩ።

መንገዱን ሊሻገር ሲል ግን ዞር ብሎ አይቷል። ይሄኛው እውነት ነው። እኔን ይሁን ባጃጅ ይመጣ እንደሆነ፣ አላውቅም።