ከኳሱ ውጭ የነበረው መዳብ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

እንደ ወትሮው ቤተ ሙከራ ገባሁ። የማግኔት መለኪያውን አሙቄ የጠዋቱን ናሙና ለካሁ። ማያው ላይ አራት መስመር፣ ጥርት ብሎ። መዳብ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እኔና ፕሮፌሰሩ ያሳተምነውም ይኼንኑ ነው... መዳቡ ከካርቦን አተሞች የተሠራ፣ በዓይን የማይታይ ኳስ ውስጥ ተቆልፏል የሚለውን። ሌሎቹ ሞክረው ያቃታቸውን!

ለራት ታናሽ እህቴ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ስለ ኬሚስትሪ የምታውቀው የለም፣ አፏ ግን አያርፍም። ስለ ኳሱ ስተርክላት፣ “ካልከፈትሽው ውስጥ መሆኑን በምን አወቅሽ?” አለችኝ። ሳቅኩባት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ማየቱ ቀላል ነው። መዳብ ለቅሞ የሚወስድ ጨው ውሃ ውስጥ በጥብጦ ከናሙናው ጋር መናጥ። መዳቡ ኳሱ ውስጥ ከሆነ ጨዉ አይደርስበትም። አፏን ላስይዛት ብዬ ጀመርኩ።

ናጥኩት። ናሙናው እንደ ዘይት ከላይ፣ ውሃው ከታች ሆነው ተለያዩ። የላይኛውን ለካሁ። ባዶ። የታችኛውን ለካሁ... መስመሮቹ ውሃው ውስጥ! ክው አልኩ።

ውጭ ነበር። ተለጥፎ። ከየት መጣ? ኳሶቹ የሚሠሩበትን የካርቦን ዘንግ የሚይዘው መያዣ እኮ መዳብ ነው። ስንት ጊዜ በገዛ እጄ አጥብቄዋለሁ!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

ሦስቴ ደገምኩት፤ ሦስቴም ያው። ለፕሮፌሰሩ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚህ በፊት ናሙናውን እንዲህ በጨው ውሃ አጥቦ ያየ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኳቸው፣ አፌን ሞልቼ።

በሩ ላይ ስደርስ ትዝ አለኝ። አጣቢው! እንዲያ ነበር የምንለው። አብሮን ይሠራ ነበር፤ ናሙናውን ሳያጥብ አይለካም። ስምንት ወር ሙሉ አንድም መስመር አላገኘም። ለፕሮፌሰሩ “ለዚህ ሥራ አይሆንም” ያልኩት እኔ ነኝ። አሰናበቱት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

የድሮ መዝገቤን አወጣሁ። ጽሑፉን ለኅትመት ከመላካችን አሥራ አንድ ቀን በፊት የጻፍኩት ገጽ። እንዲህ ይላል፦ “አጣቢው ባለኝ መሠረት ታጠበ። መስመር የለም። ናሙናው ተበላሽቷል፤ ይጣል።”

የእኔ የእጅ ጽሑፍ። የእኔው!

እንዴት ይረሳል? ወይስ መርሳት ፈልጌ ነው? እህቴ ሁለቴ ደወለች፤ አላነሳሁም። ምን እላታለሁ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 9

አፈርኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

ገጹን ለፕሮፌሰሩ ሰጠኋቸው። ጽሑፉ ይሰረዝ የሚለውን ደብዳቤ አብረን ፈረምን። ፈርመው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለአጣቢው ደወልኩ። አሁን የአባቱ ሱቅ ውስጥ ቀለም ይሸጣል። ሁሉንም ነገርኩት፤ ገጹንም አነበብኩለት።

“ይኼንን ለአባባ ንገሪልኝ” አለ። “እኔ ስነግራቸው አላመኑኝም።”

ስልኩን ሰጣቸው። ልጅዎ ትክክል ነበር፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

“መቼ ነው ያወቅሽው፣ ልጄ?” አሉ።

ባለፈው ማክሰኞ ልል ነበር...

“ከሁለት ዓመት በፊት” አልኳቸው።