ሁለት ሰው የሚያስገባው ሹራብ

እህት ዓለሜ፣

ዓሣ የምንጭንበት ቀዝቃዛ መጋዘን ትንፋሽን ሽፋሽፍት ላይ በረዶ ያደርገዋል። የመጀመሪያ ቀን ጠባብ ጠባቡን ልብሴን ሁሉ ደራርቤ፣ ካፖርቴ አልቆለፍ ብሎኝ ታግዬ ገባሁ። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። አለቃችን፣ ቆፍጣና ሴትዮ፣ ጎትተው አወጡኝና «ልጄ፣ የሚያሞቅሽ በልብሶቹ መሃል ያለው አየር ነው። እንዲህ አጭቀሽ ለብሰሽ አየሩ የት ይግባ?» አሉኝ። ቦርሳዬ ውስጥ አንቺ የሠራሽልኝን፣ እቤት «ሁለት ሰው ያስገባል» ተብሎ የተሳቀበትን ሹራብ ሲያዩ ግን «ይኸውልሽ!» አሉ። አሁን ሌላውን አውልቄ፣ እሱን ከካፖርቴ ሥር ለብሼ እስከ ማታ እጭናለሁ። እኛ ሰፈር ሲበርድ በር ዘግተን እንቀመጥ ነበር፤ እዚህ በሩን ከፍቼ ብርዱ ውስጥ እገባለሁ። «ሳምንት አትቆይም» ላለው ወንድማችን ንገሪልኝ፤ ሥራዬን አልለቅም። እማዬን ሳሚልኝ። ካልሲም ሥሪልኝ፤ አደራሽን፣ ልኬ እንዳይሆን!