ወርቅ ያልሆነችው ጥንቸል

ለምወድህ ወንድሜ ለሩዝበህ፤

ጤናህ እንዴት ነው? የሆርሙዝ ወበቅስ እንዴት አደረገህ? ሚስትህ ሳራይ ደህና ናት? ትንሹ ሐሚድ ጥርስ አወጣ ወይ? እኛ ከእማዬ የጉልበት ሕመም በቀር፣ አላህ ይመስገን፣ ደህና ነን። ናፍቆትህ ግን አልለቀቀንም።

መቼም ታውቀኛለህ፤ ነገር ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። አባዬ ሸክላው ላይ የሚቀቡት ቀለም ሲቀባ ጭቃ ይመስላል፤ ከምድጃው ሲወጣ ወርቅ ነው። በየትኛዋ ሰዓት ነው የሚለወጠው? ይህ ከልጅነቴ ጀምሮ ይከነክነኛል። ስጠይቃቸው፣ «እሳቱን ጠይቂው፤ እኔን አርባ ዓመት ሙሉ አልነገረኝም» ይሉኛል።

ባለፈው ሳምንት ለአንድ ነጋዴ ግድግዳ የታዘዙ የኮከብ ቅርጽ ሸክላዎች ምድጃ ውስጥ አስገባን። የአባዬ ዓይን ስለደከመ በየሸክላው ላይ ያሉትን ጥንቸሎች የሳልኳቸው እኔ ነኝ። ጭሱን ካፈንን በኋላ ምድጃው ሦስት ቀን ታሽጎ መቆየት አለበት፤ ነፋስ ካገኘው ቀለሙ ይሸሻል። በሁለተኛው ቀን አባዬ ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ሲወጡ የምድጃውን ማያ ቀዳዳ የደፈነውን ጡብ ነቀልኩ። ከፊት ያለችው ጥንቸል ገና ጥቁር ናት። መልሼ በጭቃ መረግኩት፤ ምን ዋጋ አለው።

ምድጃው ሲከፈት ከኋላ የነበሩት በእርጥብ አፈር ሲታሹ እንደ ወርቅ ቦግ አሉ። ከቀዳዳው ፊት የነበሩት አሥራ አንዱ ግን ታጥቦ የነጣ ጨርቅ መስለዋል። አባዬ አንዷን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ «ማነው ጡቡን የነካው?» አሉ። እንዳንተ ከቤት ልባረር ነው ብዬ አሰብኩ። «እኔ ነኝ አባዬ፤ መቼ ወርቅ እንደሚሆን ልይ ብዬ» አልኩ።

ሸክላዋን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። እማዬ አላስቻላትም፤ «አንተ ሰውዬ፣ ሁለተኛዋንም ልታባርር ነው?» አለች። ይሄኔ አባዬ መሬት ላይ ዘጭ ብለው አለቀሱ። «ያኔ ለመስጊዱ የታዘዘው ሸክላ በተበላሸ ጊዜ ጡቡን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሰውን ሁሉ አትንኩ እያልኩ እኔው ማየት አማረኝ። ያዘዙት ሲያፋጥጡኝ ሩዝበህ ነው አልኩ» አሉ።

ዘጠኝ ዓመት፣ ወንድሜ! «በእጄ አልነካሁም» ብለህ ስትምል እኔም አላመንኩህም። ይቅር በለኝ፤ ይህን ስጽፍ አፍሬያለሁ።

እማዬ ዓይንህን ስማሃለች። ሳራይን ሳምልኝ፣ ሐሚድንም እቀፍልኝ ትላለች። እኔም ሦስታችሁንም በናፍቆት ስሜያችኋለሁ። አባዬ ከደበዘዙት አንዷን ጥንቸል በጥጥ ጠቅልለው በግመል ነጋዴዎቹ እጅ ልከውልሃል። ምን ብዬ ልጻፍለት ስላቸው፣ «ምንም አትጻፊ፤ ሲያያት ይገባዋል» አሉ። ደብዳቤውን ላጥፈው ስል ግን ከበሩ ተመልሰው፣ «የሚቀጥለውን ምድጃ እሱ ሳይመጣ አልለኩስም በይው። በቀዳዳው አብረን እናያለን» አሉኝ።

እህትህ ዘሙሩድ
ካሻን፣ ሻዕባን አጋማሽ፣ ስድስት መቶ ስምንት ዓመተ ሂጅራ