የካሌብ ክብደት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4፣ ረፋድ

የሕፃናት ክብደት መመዘኛ ቀን። ከጤና ኬላው በር እስከ ባሕር ዛፉ ሰልፍ ነው። ልጆቹን ሚዛኑ ላይ አንጠለጥላለሁ፤ ባልደረባዬ ፋሲካ ትመዘግባለች። እናቶቹ ኪሎውን ጮክ ብዬ እንድናገር አይወዱም፣ የሰው ዓይን ይፈራሉ። በጆሯቸው ሹክ እላለሁ። የተማርኩት እኔ በልቤ እስቃለሁ።

ዓርብ የውጭ እንግዶች በቡሬ በኩል ይመጣሉ። በእንግሊዝኛ የምታስረዳቸው ፋ. ናት ተባለ። እኔ ተጠባባቂ። ባሕር ዳር ስላደገች! ቀናሁ፣ አዎ። ላንቺ ለደብተሬ ያልነገርኩትን ለማን ልነግር ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ፋ. አለማመደችኝ። ትልቅ ክብደት አለው ለማለት «ሃዝ ቢግ ዌይት» ብል በሳቅ ፍርስ አለች። እንግሊዞቹ ክብደት ሲያወዳድሩ «ዌይስ» ነው የሚሉት፣ ቁመት ሲሆን «ኢዝ ቶለር»፣ በቃ። ሁለት ሰው አወዳድሪ አለችኝ። አፌ ላይ የመጡት ልጆቻችን ናቸው፣ የሷ ካሌብና የኔ ናቲ። በአንድ ወር የተወለዱ ናቸው። «ካሌብ ዌይስ ሞር ዛን ናቲ።» ካሌብ ከናቲ ይከብዳል። ልክ ነው ብላ አጨበጨበች። ምነው ስህተት በሆነ!

በአማርኛ ቢሆን የሌላ ሰው ልጅ ክብደት እንዲህ አላወራም። ነውር ነው። ብናገር እንኳ «ከዓይን ያውጣው» እላለሁ። በእንግሊዝኛ ግን ማን ይጠይቀኛል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ቤት ሆኜ አጠናለሁ። ካሌብ ዌይስ ሞር። ካሌብ ኢዝ ቶለር። ናቲ ገንፎውን ይተፋል። እንቁላል አበላዋለሁ፣ ቅቤ ጣል አደርግበታለሁ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። የቀበሌውን እናት ሁሉ ስለ ልጅ አመጋገብ የማስተምር እኔ! የካሌብን ጭን ሳይ አንጀቴ ያርራል።

አንዴ ገልብጬ አልኩት። «ናቲ ዌይስ ሞር!» ጮክ ብዬ። ደስ አለኝ። ለልምምድ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8፣ ማታ

ፋ. አልመጣችም። ካሌብን ተቅማጥና ትውከት ይዞት ሌሊቱን ቡሬ ሆስፒታል ወስደውታል። እንግዶቹን እኔ አስረዳሁ። አንድ ግስ አልሳትኩም። አንዷ እንግዳ እንግሊዝኛዬን አደነቀች። ደስታዬ እቤት እስክደርስ ነው የቆየው።

በቡዳ አላምንም። ምንጩ ደፍርሷል፣ ውሃው ነው። ታዲያ ያቺን የገለበጥኳትን ዓረፍተ ነገር ለምን ደጋግሜ አነባለሁ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ፋ. ካሌብን አዝላ መጣች። ተርፏል፣ ተመስገን። ዓይኑ ግን ጎድጉዷል፣ ያ ጭን የለም። ሚዛኑ ላይ አንጠለጠልኩት። ከናቲ ቀለለ። የተመኘሁት ዓረፍተ ነገር እውነት ሆነ።

ሚዛን ማንበብ የምታውቀው ፋ. ፊቷን አዙራ፣ እንደ እናቶቹ፣ በጆሮዬ ንገሪኝ አለች። ነገርኳት። ከዚያ ሻሹን ከልጁ ራስ ላይ ገለጥ አድርጋ ወደኔ አቀረበችው።

«እስቲ አንቺም እትፍ በይልኝ እቴ። ዓይን እንዳይሆን ብዬ ያየውን ሰው ሁሉ እያስባልኩ ነው።»

«ሰው ሁሉ» አለች። ስትለው ግን ወደኔ አላየችም።

ጎንበስ አልኩ። እትፍ አልኩ፣ ደግሜም አልኩ። አፌ ደርቆ ምራቅ አጣሁ። አየር ብቻ ወጣ። አይታ ይሆን?

ነገ ሥራ ከመግባቴ በፊት ቤቷ እሄዳለሁ። ያልኩትን ሁሉ በአማርኛ እነግራታለሁ። ከዚያ ልጁን ከሰጠችኝ፣ በእውነተኛ ምራቅ እትፍ እለዋለሁ።