ዓሳው ተዘጋ፣ አባዬ ግን አልሰማም

ለምወድህ ወንድሜ ለታውኖ፤

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም ጫማህን የምታስርልህ ሚስትህ ካሮል ናት? እሷስ ደህና ናት? ኢዛክ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? ፔኒ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? እናንተ ዓይን እስከሚያርፍበት በቆሎ ብቻ በሚታይበት አገር ሆናችሁ፣ ነፋስ ሲነሳ የምትሰጉት ለጣራችሁ ነው። እኔ እዚህ ነፋስ ሲነሳ የማስበውን አንተ ታውቀዋለህ። እኛ ሁላችን ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ። አባዬ ግን ደህና አይደለም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። ስደውልልህ አባዬ ከጎኔ አይጠፋም፣ ይኼ ደግሞ እሱ እየሰማ የሚወራ ነገር አይደለም። ሌላም ምክንያት አለኝ። ፖስታውን ስትከፍት ከወረቀቱ ጋር አንድ ብረት ወድቆብህ ይሆናል። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

የሃሊበቱ፣ የዚያ የጠፍጣፋ ዓሳችን ነገር እንዲህ ሆነ። ዘንድሮ ማጥመዱ እስከ ጁን መጨረሻ ድረስ ሐሙስና እሑድ ክፍት ነው፣ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ዓሳ፣ ተብሎ ነበር። አየሩ አማረና ጀልባው ሁሉ የድርሻውን እየያዘ ይገባ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ የዓሳ ቢሮው ለወደባችን የተፈቀደው ሊያልቅ ስለሆነ የፊታችን እሑድ የመጨረሻው ቀን ነው ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ያልተሳደበ ሰው አልነበረም። ጎረቤታችን ኦንኒማ "እኛ አንድ አንዷን በመንጠቆ ስንለቅም ነው ባሕሩ የሚያልቀው?" እያለ ከወረቀቱ ጋር ሲጣላ ዋለ። እኔ ግን ሰው እንዳያየኝ ፊቴን አዙሬ ተመስገን አልኩ። ክረምቱን ሙሉ የፈራሁት ወቅት በአጭሩ ተቀጨልኝ ብዬ ነዋ።

ለምን ፈራሽ ትለኝ ይሆናል። ለገና በዓል ቦት ጫማውን ምድጃ ውስጥ አስቀምጦ ሲፈልገው እንደዋለ ነግሬህ ስንስቅ ነበር፣ ትዝ ይልሃል? እሱም አብሮን ስቋል። ከዚያ የኦንኒን ስም ጠፋበት። ከዚያ አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሳህን ደርድሮ "እናትሽ ዛሬ ምነው ቆየች?" አለኝ። እማዬ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው ብዬ እንዴት ልንገረው? ከቤተ ክርስቲያን አልወጣችም አልኩት። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው፣ ታውኖ።

እሑድ ብቻህን አትወጣም ብዬ የዓሳ ፈቃድ አወጣሁና ተከተልኩት። ባሕር እንደማይስማማኝ ያውቃል፣ "ባልዲሽን ያዢ እንግዲህ፣ ጀልባዬን አታበላሺብኝ" ብሎ አሾፈብኝ። ደግሞስ መሪውን ሲይዝ ብታየው! ያው የጥንቱ አባዬ ነው፣ እጁ አይንቀጠቀጥ፣ ቃል አይጠፋው። እኔ ሆዴን ይዤ ጥግ ላይ ተኮራምቼ፣ እሱ ከዚያ ሁሉ ጥልቀት መካከለኛ ሃሊበት አወጣ። እንዳስተማረን፣ ጀልባው ውስጥ ሳያስገባው ጭንቅላቱን በዱላ መታ፣ በሜንጦ ስቦ ሳጥኑ ውስጥ በረዶ ላይ አጋደመው። ለካስ ዝም ብዬ ነው ስጨነቅ የከረምኩት አልኩ። ዳቦና ቋሊማ በላን።

ከበላን በኋላ መንጠቆው ላይ አዲስ የሄሪንግ ዓሳ ሰካና ወረወረ። የቀልዱን መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ "ዛሬ ባሕሩ ባዶ ነው፣ አንድ እንኳ አልነካልኝም" አለ። "አባዬ፣ ያንተማ ሳጥን ውስጥ ነው" አልኩት። "የቱ?" አለኝ። ተነስቶ ክዳኑን ከፈተና ዓሳውን አተኩሮ አየው። "የማነው ይሄ?" አለ።

ያንተ ነው አልኩት። ክዳኑን ቀስ አድርጎ ዘጋ፣ ገመዱን ጠቅልሎ ሰበሰበ። አባዬን ታውቀዋለህ፣ የገዛ ያክስቱ ልጅ ሁለተኛ ዓሳ ከጀልባው ወለል ሥር ደብቆ ወደብ ስላስገባ ክረምቱን ሙሉ ያኮረፈ ሰው ነው። ጮኾብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እንግባ አልኩት፣ እሺ አለ።

ወደ ወደባችን የሚያስገባው የወንዙ አፍ ጋ ስንደርስ ሞተሩን ቀነሰ። ፊት ለፊታችን ማዕበሉ ነጭ ሆኖ እየተሰበረ ነው። ዞር አለና "ሄልሚ፣ ውኃው እየወጣ ነው ወይስ እየገባ?" አለኝ።

ታውኖ፣ አባዬ ይህን ሲጠይቅ በዕድሜህ ሰምተህ ታውቃለህ? ፊደል ሳንቆጥር "ውኃው ወደ ባሕር ሲወጣ አፉን የሚሻገር እናቱን ያስለቅሳል" እያለ ያስጠናን ሰው ነው። እኔ ደግሞ ሳስታውክ የዋልኩ ሴት፣ ምኑን አውቄ? ሬዲዮውን አንስቼ ኦንኒን ጠራሁት። "እየወጣ ነዋ! አባትሽ አጠገብሽ ተቀምጦ እኔን ትጠይቂያለሽ?" ብሎ ይስቅብኝ ጀመር። ከዚያ ሳቁን አቋረጠ። "እዚያው ጠብቁኝ፣ እንዳትነቃነቁ። ከኔ ኋላ ትገባላችሁ" አለኝ። ውኃው እስኪመለስ ድረስ ማዕበሉ እያነሳ ሲጥለን፣ እኔ ከአባዬ ጋር መሪውን አብሬ ይዤ፣ እሱ የእማዬን መዝሙር ሲያንጎራጉር ቆየን። ኦንኒ መጣና ተከትለነው ገባን። ያ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ገመዳችንን አስሮልን፣ ቆቡን አስተካክሎ ሄደ።

በቃ ተዘጋ፣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ለካ የተዘጋው ለኛ እንጂ ለአባዬ አይደለም። ሰኞ ጠዋት የዝናብ ልብሱን ለብሶ፣ ምሳውን ይዞ፣ በሩ ላይ አገኘሁት። "ዛሬ ሃሊበት ነው" አለኝ። ተዘግቷል እኮ አባዬ አልኩት። "ማን ዘጋው? ከመቼ ወዲህ ነው ሜይ ላይ የሚዘጋው?" ብሎ ተቆጣ፣ አዘነ፣ ልብሱን አወለቀ። ማክሰኞም ያው። ረቡዕም ያው። በየቀኑ እንደ አዲስ እነግረዋለሁ፣ በየቀኑ እንደ አዲስ ያዝናል። መርዶ ነጋሪው ሁልጊዜ እኔ ነኝ፣ ደከመኝ።

ትናንት ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሥራ ላይ ሳለሁ ኦንኒ ደወለልኝ። አባዬ ገመዱን ፈትቶ፣ ሞተር አስነስቶ፣ ሊሄድ ሲል ነው የደረሰበት። ተው ቢለው እንደማይሰማው ስላወቀ "የኔ ሞተር እምቢ አለኝ፣ እስቲ መጥተህ እይልኝ" ብሎ አታለለው። አባዬ ሰው ተቸግሮ አይቶ የሚያልፍ አይደለም፣ ወረደለት። ውኃው እየወጣ ነበር፣ ታውኖ። ኦንኒ የዚያን ጊዜ ሻይ ሊጠጣ ቤቱ ቢገባ ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ነገር ነበር።

ስለዚህ የጀልባውን ቁልፍ ከመያዣው ፈታሁት። ፖስታው ውስጥ ያገኘኸው እሱ ነው። እቤት ብደብቀው ያገኘዋል፣ ባሕር ልጥለው ብል እጄ አልታዘዘኝም። አሁን መሳቢያውን ሁሉ እየገለበጠ ነው፣ "እናትሽ ናት የደበቀችብኝ፣ እሷ ድሮም ሃሊበት ሲደርስ ሰበብ አታጣም" ይላል። ቁልፍ ከሌለ ጀልባው ይነሳል ወይ ብዬ ኦንኒን ብጠይቀው "አባትሽ? በምስማር ያስነሳዋል!" ብሎ ሳቀ። ወዲያው ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ ወዲህ በሩ በተንቋቋ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች።

የምለምንህ ይህን ነው። ጀልባውን እኔ ብሸጠው ይቅር አይለኝም፣ ባልሸጠው አባዬን ይወስድብኛል። አንተ የበኩር ልጁ ነህ፣ ከኔ የማይቀበለውን ካንተ ይቀበላል። ቢሸጥም ቢቀመጥም እሱ ራሱ፣ ገና መወሰን እየቻለ፣ ፊት ለፊት ተነግሮት ይወስን። ቁልፉን በፖስታ አትመልስልኝ። ይዘኸው ና። ክረምት እስኪገባ አትበለኝ፣ እኔ ሳምንቱንም እንጃ።

ካሮልን አጥብቀህ ሳምልኝ፣ የላከችው ሹራብ ልክክ ብሎልኛል። ኢዛክን አክስትህ አልረሳችህም በለው። ለፔኒ የባሕር ዛጎል አስቀምጬላታለሁ። ኦንኒም "ያ ከባሕር ሸሽቶ በቆሎ መሃል የተደበቀ ፈሪ እንዴት ነው?" ብሎሃል፣ የናፍቆቱን ነው።

ይህን ስጽፍ አባዬ ገባና ለማን ነው አለኝ። ለታውኖ ነው አልኩት። ፊቱ በራ። "ሐሙስ ሃሊበት ይከፈታል፣ ይምጣና እኔ እወስደዋለሁ በዪው። ቁልፉ ብቻ ይገኝ" አለ። እሺ እጽፍለታለሁ አልኩት። ይኸው ጻፍኩልህ።

እህትህ ሄልሚ
ኢልዋኮ ወደብ፣ ዋሽንግተን
ሜይ 29